ድሮን የመሰለችኝ ኮከብ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለልደቱ፣ እንዴት ነህ፣ ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠንክሯል አሉ፣ መስቀልስ እንዴት ዋለ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከድካም በቀር አለሁ፣ ተመስገን ነው፣ ወገቤን ግን አትጠይቀኝ።

ይሄን በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ አጠገብህ ሆና ስለምትሰማ ነው። ይኸውልህ፣ እዚህ መቀሌ ውሃ በተራ ነው፣ እኛ ሰፈር አርብ ሊነጋጋ ሲል ይመጣና ፀሐይ ስትወጣ ጥርግ ይላል፣ የምቀዳው ደሞ እኔ ነኝ። ባለፈው አርብ ጀሪካኑን ቧንቧ ሥር አድርጌ ቀና ስል፣ በቁሓ በኩል፣ አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት፣ አንድ ትልቅ መብራት ሰማዩ ላይ ቆሞ ያየኛል! ሰዉ ሰሞኑን ጦርነት ሊመጣ ነው እያለ ያወራል፣ ቆቦ እያለን ድሮኑ ሲዞር እኔና አንተ አልጋ ሥር የዋልነው ትዝ አለኝና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ቧንቧውን እንኳ አልዘጋሁትም፣ ውሃው ሜዳ ላይ ፈሶ ቀረ፣ ቤቱ እስካሁን በጎረቤት ውሃ ነው። አሠሪዬ አደይ ለተመድህን መጀመሪያ አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ብለው አቀፉኝ፣ በኋላ ግን ደግመሽ ከሸሸሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ምን ያድርጉ።

ልጃቸው ፍሬወይኒ ደሞ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ኮከብ ያባረራት ሴት መጣች እያለች ትስቅብኛለች። ኋላ አዘነችልኝ መሰለኝ ስልኬ ላይ ፖድካስት አወረደችልኝ፣ ያው እንደ ሬዲዮ የሚደመጥ ነው፣ ስሙ «ከሰማይ ሥር» ይባላል። ኮከብ ቆጠራ መስሎኝ ዕድሌን ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ስለ ዕድል አንድ ቃል የለውም! ስለዚያች መብራት ብቻ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያወራል፣ አይቸኩልም፣ አይንቅህም፣ ያልገባህን ዞሮ ይመጣበታል። ቬነስ ናት አለ፣ የንጋት ኮከብ የምንላት፣ ኮከብም አይደለች፣ እንደኛይቱ ምድር ያለች ፕላኔት ናት፣ ኮከብ ይርገበገባል እሷ ግን ዝም ብላ ታበራለች አለ። ደሞ አንድ ቀኗ ከዓመቷ ይረዝማል አለ፣ እኔ አንሶላ ሳጥብ እዚያ የምኖር ይመስለኛል።

አንተ የሳይንስ ክበብ ስላለህ እባክህ ስማው፣ ለክበቡ ልጆች ለእነ አስናቀም ንገራቸው። የመጀመሪያው ክፍል ቁጥር ይበዛዋል፣ እኔን እንቅልፍ ጣለኝ፣ አንተ ግን ቁጥር ስለምትወድ ከሱ ጀምር። እኔ የገባኝ ግማሹ ነው፣ ግማሹን አንተ ታስረዳኛለህ።

ግን ልደትዬ፣ ሰምቼም እፈራለሁ። ጆሮዬ አምኗል፣ እግሬ አላመነም። ሰውየው ይህችው ቬነስ በሁሉም አገር ትታያለች ብሏል። እንግዲህ አርብ ሊነጋጋ ሲል ተነስና በፀሐይ መውጫ በኩል እይልኝ፣ ካለች አንዴ ደውለህ ዝጋው። ድሮን ቢሆን እኮ በአንድ ጊዜ አንተም ጋ እኔም ጋ አይቆምም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ይሄን ግን እንዳታነብላት። አባዬን ከእግሩ ወድቄ ሰላም ብያለሁ። ሳምሪዬን ጉንጯን ሳምልኝ፣ አድጋለች አሉ። ጎረቤታችንን ጋሽ ገበየሁንም እንዴት ነህ በልልኝ። ደብዳቤውን የሰጠሁት ሾፌር ከአርብ በፊት እደርሳለሁ ብሎኛል። እኔ ስልኩን ጉያዬ ከትቼ ቧንቧው ጋ እቆማለሁ፣ እስኪጮህ ቀና አልልም።

እህትህ ሥርጉት
መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ
መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.