እስከ እዮብ ምልክት ድረስ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለያዕቆብ፣

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ስልክ ላይ «ደህና ነን»፣ «ደህና ነኝ» ተባብለን ስለምንዘጋው ይህን በእጄ ጻፍኩት። ሹፌሩ ፈድሉ ነገ ጭነት ይዞ ወደ ጁባ ሲመጣ ያደርስልሃል። ጽሕፈቴ ዘገምተኛ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ልጃችን እዮብ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እህቱ ያኤል እስካሁን ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው። ባለፈው ሳምንት «ክፍላችን ቢጫ ከሆነ እዚያ እተኛለሁ» አለችኝ። ቀለም ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሱቁ እንደ ወትሮው «ማማ እዮብ፣ ልጁ እንዴት ነው?» አለኝ። እዚህ እናትን በበኩር ልጇ ስም መጥራታቸውን አንተ ትወደው ነበር። ሰውየው መርዶውን አልሰማም። «ደህና ነው» አልኩት። ዋሸሁ፤ ግን የልጄን ስም ከአፉ ላስወጣው አልቻልኩም።

የክፍሉን ሰማያዊ ቀለም አንተና እዮብ ናችሁ የቀባችሁት። ብሩሹን ነክሬ ግድግዳው ፊት ቆምኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያኤል ስታየኝ ቆየችና፣ አልጋው ራስጌ ቁመቱን በእርሳስ የለካህበትን የመጨረሻውን ምልክት ነካች።

«እስከዚህ የእዮብ ይሁን። ከዚህ በላይ የእኔ።»

«አንቺ እኮ አጭር ነሽ፤ የታችኛው አይሻልሽም?»

«አድጋለሁ» አለችኝ፣ ምንም እንደማይገባው ሰው እያየችኝ።

ፉንዲ እንደሚሏቸው የሰፈሩ ባለሙያዎች ሲባጎ በጠመኔ አሸን። በመስኮትና በቁም ሳጥን የተቆራረጡትን ሦስት ግድግዳዎች ለሁለት ተወጣናቸው፤ እሷ አንዱን ጫፍ ይዛ፣ እኔ ሌላውን ይዤ፣ በትርፍ እጄ ሳብ አድርጌ ስለቀው መስመሩ ይወጣል። አልጋው ያለበት ግድግዳ ግን ረጅም ነው። ሁለታችን ጫፍና ጫፉን ስንይዝ፣ መሃሉ ላይ ቆሞ የሚስበው ሰው ጠፋ።

ጎረቤታችን ሐሊና ከበሩ ላይ ሆና «እኔ ልሳበው፣ ደሞዜ ምሳ ነው» አለች።

«የሚስበው አለ» አልኳት።

ያዕቆብ፣ በለቅሶው ጊዜ «አንተ እዚህ ብትኖር ልጄ ይተርፍ ነበር» ብዬህ ነበር። አንተም በሳምንቱ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣህም። ሐኪሙ ግን ያን ዕለት ማንም ቢኖር እንደማይተርፍ ነግሮኝ ነበር። እያወቅኩ ነው ያልኩህ። ሐዘኔን ብቻዬን መሸከም ከብዶኝ አንተ ላይ ጣልኩት። ይቅር በለኝ።

ያኤል አሁን በክፍሏ ትተኛለች። የአልጋው ግድግዳ እስካሁን ሙሉ ለሙሉ ሰማያዊ ነው፤ የቢጫው ቆርቆሮ እንዳይደርቅ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ሲባጎውንም ጠቅልዬ በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ጌታ በወጣህበት ይጠብቅህ፤ የመመለሻህንም መንገድ ያቅናልህ።

ወርቂቱ
የእዮብና የያኤል እናት