ጌታ ነግሮኛል ያልኩት

ረቡዕ

አበበችን ዋሽቻታለሁ። ታማ ተኝታ ሳለች፣ ጌታ ነግሮኛል፣ ከዚህ አልጋ ትነሻለሽ አልኳት። ማንም አልነገረኝም። ጨንቆኝ ነው ያልኩት። ሚስቴ ደግሞ ታምነኝ ነበር። "እንግዲያው ማርታን ከዋጫ አትጥራት፣ ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ናቸው። ስነሳ እኔው እሄዳለሁ" አለች። ልጃችን ማርታ የደረሰችው ለቀብር ነው።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ስጽፈው አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። አላለቀስኩም።

ከዚያ ወዲህ ከልቤ መጸለይ አቅቶኛል። ከቤተ ክርስቲያን ግን ቀርቼ አላውቅም። አሜን እላለሁ። አናጺ ስለሆንኩ የተሰበረ ወንበር እጠግናለሁ። ሽማግሌዎቹ የጥምቀት ትምህርቱን አስተምር ሲሉኝ፣ እምቢ ብል ምክንያት ሊጠይቁኝ ነው፣ እሺ አልኩ።

ሐሙስ

ዝናብ። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ከታች ጣለኝ፣ ለትምህርቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ወጣሁ።

ከተማሪዎቼ መሀል ከማንኪራ የሚመጡት እትዬ ወርቄ በዕድሜ ይበልጡኛል። አማርኛ የለመዱት በገበያ ነው፣ ሁሉንም ሰው አንተ ይላሉ። የመዝጊያውን ጸሎት እንደጨረስኩ፣

"ጋሽ ታደሰ፣ ስትጸልይ ዓይንህ ክፍት ነው" አሉኝ።

"እርስዎስ እንዴት አዩ?"

"የእኔም ክፍት ነበራ።"

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"ጌታ ይናገራል ትለናለህ። አንተን አናግሮህ ያውቃል? እኔን እስከ ዛሬ ዝም ነው ያለኝ። እሁድ ውኃ ውስጥ አቁማችሁ ታምኛለሽ ወይ ስትሉኝ ምን ልበል? ልዋሽ?"

መጽሐፉን አጠፍኩ። መሽቷል አልኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ዓርብ

ፓስተሩ ሱቅ በር ላይ አገኘኝ። "እትዬ ወርቄ ከጥምቀቱ ልቅር ይላሉ። መምህሩ መልስ ነፈገኝ ነው የሚሉት። ያናግሯቸው እንጂ ጋሽ ታደሰ።"

"እሺ።"

"እሁድ የእምነቱን ጥያቄ የሚጠይቁትም እርስዎ ነዎት። ያስተማረ ነው የሚጠይቀው።"

"እሺ።"

እኔ ራሴ ያልመለስኩትን እንዴት አድርጌ ሰው እጠይቃለሁ?

ማርታን እፈራለሁ። ምእመናኑንም እፈራለሁ፣ ለአበበች የያዙትን ጾም የፈቱት የእኔን ቃል ሰምተው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ተናግሬም ምንም ባይሰማኝስ?

ቅዳሜ

እትዬ ወርቄን ገበያ አገኘኋቸው፣ ማር ይዘው። "ነገ ይምጡ፣ ውኃው ዳር እመልስልዎታለሁ" አልኳቸው።

ጣታቸውን ላሱና "ካልመለስክ ልብሴን አላረጥብም" አሉ።

ማርታ ለጥምቀቱ ብላ ከዋጫ መጣች። ቤቱን ጠረገች። የእናቷን ጋቢ አጥባ አሰጣች። ልነግራት አፌን ስከፍት "ሻይ ልጨምርልህ አባዬ?" አለች።

ጨምሪ አልኩ።

እሁድ

ማርታ ወደ ዋጫ ተመልሳለች። ሚኒባሱ ሲነሳ "ስደርስ እደውላለሁ" አለች። እስካሁን አልደወለችም። መንገዱ ጭቃ ነው።

ጠዋት ወደ ወንዙ ስንወርድ አስቀድሜ ለእሷ ነገርኳት። ሰው ፊት እንድትሰማው አልፈለግሁም። ከእኔ ቀደም ብላ መሄድ ጀመረች። ግን ወደ ቤት አልተመለሰችም።

እትዬ ወርቄ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ቆመዋል፣ ከዚያ ወዲያ እምቢ ብለዋል። ጥያቄው የተጻፈበትን ወረቀት ኪሴ ከተትኩት።

"አበበች ስትታመም ጌታ ነግሮኛል ብያችሁ ነበር" አልኩ። "አልነገረኝም። ከራሴ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። እኔንም ዝም ብሎኛል፣ እትዬ ወርቄ። ቢሆንም አምናለሁ። ሰምቼ አይደለም። ዛሬ ያለኝ ይኸው ነው።"

ፓስተሩ መሬት መሬት ያያል። ማርታ የአበበችን ጋቢ ለብሳ ዳር ላይ ቆማለች።

"በርዶኛል" አሉ እትዬ ወርቄ። "ጠይቀኝ እንግዲህ።"

ጠየቅኋቸው። "እንደዚህ ከሆነስ አምናለሁ" አሉና ወደ ጥልቁ ገቡ።

ስንጸልይ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት የውኃውን ድምፅ ብቻ ነው። ውስጤም እንደነበረ ነው። እስከ አሜን ድረስ ግን አልገለጥኩም።