ለታዬ ያልተረጎምኩት

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

የላቦራቶሪው ረዳት የታዬ እህት ትኩሳቷ አልበረደም። ጣሊያኑ ሐኪም በሽታዋን ለመለየት፣ ተህዋሲያን የሚያሳድግበት ሥጋ የሟሟበት መረቅ ይፈልጋል። የበሬ ቆሽት ሥጋውን ቶሎ ያሟሟው ነበር፤ በሁዳዴ ግን ማን በሬ ያርዳል? ለወታደሮቹ የሚታረደው አሳማ ነው።

መረቁን የሚያዘጋጀው ታዬ ግን፣ «የአሳማ ቆሽት አልነካም፤ ቢዘገይም በጠርሙስ የመጣው የሥጋ ማሟሟያ ዱቄት ይሻላል» አለ። ለሐኪሙ በጣሊያንኛ ተረጎምኩለት።

ሐኪሙ ሳቀ። «እሱም ከአሳማ ጨጓራ የወጣ ነው» አለኝ።

«ምን አለ ጋሼ?»

«ይሠራል አለ።»

አስተርጓሚ ከመሆኔ በፊት፣ በጋዜጣ ሥራ ዘመኔ የሰው ቃል ቆርጬ አላውቅም። ብነግረው ግን ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ የእህቱም በሽታ ሳይለይ ይቀራል። ታዬ ዱቄቱን በእጁ በጥብጦ ከሥጋው ጋር ቀላቀለው።

ማታ ሲሰናበተኝ፣ «እግዜር ይስጥዎ፣ ከርኩሰት አዳኑኝ» አለኝ።

አሜን አልኩ።