ለፎቶግራፍ ውበት ሲባል ከቦታቸው የተነሱ መትፊያዎች

ለወይን አካባቢ ጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ውድ ቤተሰብዎን፣ በተለይም ሁለቱን እግሮችዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። ስለ እግር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእናቴ ዳሌ ከተሰበረ ወዲህ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሁሉ በቤታችን እንደ ባለጸጋ ይታያል።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ከላይኛው የወይን ቅምሻ ቤት ወደ ታችኛው ሲወረድ መንገዱ ድንገት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ያለው ቤት የእኛ ነው። ባለፈው የለቀማ ወቅት አንድ ጎብኚ ከነመኪናው ግድግዳችንን ጥሶ እናቴ ክፍል ገብቷል። እናቴ ጉልበቷ እስኪከዳት ወይን ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ በእርጅናዋ የቀራት ደስታ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ማማት ነበር። ለዚህ ላበቁን ምስጋናዬን በዝርዝር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. «በጥንቃቄ ይንዱ» ለተሰኘው የጎብኚዎች መምሪያዎ እናመሰግናለን። መኪና የሚነዳ ሰው የቀመሰውን ወይን እንዳይውጥ፣ እንዲተፋ ማዘዝዎ የበሰለ ሐሳብ ነው። መምሪያው በወጣበት ሰሞን ግን፣ በፎቶግራፍ ላይ ያስጠላሉ ብለው መትፊያዎቹን ከየቅምሻ ቤቱ አስነስተው በቦታቸው አበባ አስቀምጠዋል። እንግዲህ ጨዋ እንግዳ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ፊት አፉን ሞልቶ ሲቆም ወዴት ይትፋ? ዋጠው። በሚቀጥለውም ቤት ዋጠ፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። ከፍርስራሹ ሲወጣ ለትራፊክ ፖሊሱ የተናገረው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ወለሉ ላይ መትፋት ነውር መስሎኝ ነው እኮ!» እናቴ ከአልጋው ሥር ሆና እየሰማችው ነበር።

፪. የመታጠፊያውን የማስጠንቀቂያ ምልክት በራስዎ ምስል ስለሸፈኑልን እናመሰግናለን። ብርጭቆ አንስተው «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉበት ያ ሰሌዳ ከሩቅ ይታያል፤ የማይታየው መንገዱ ብቻ ነው። ፈገግታዎ ያምራል፤ ለጎብኚውም ከግድግዳችን በፊት ያየው የመጨረሻው ነገር እሱ ነበር።

፫. ሆስፒታል ድረስ ስለመጡ እናመሰግናለን። ዳሌዋ ለተሰበረ አሮጊት ሪባን የታሰረበት ወይን ይዞ መምጣት ለማንም የሚታሰብ አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺዎ ከበስተኋላ ነበር፤ እናቴ ግን ጠርሙሱን አገላብጣ ካየች በኋላ «ይኼን ጠጥቼ ደግሞ እኔ የማን ግድግዳ ውስጥ ልግባ?» ስትል ማንሳቱን ተወው። እስከዚያ ያነሳውን ፎቶ በመጽሔትዎ ባለማውጣትዎ ቅር ብሎኛል።

ክቡር ሆይ፣ እናቴ ቆማ መራመድ በቻለችበት ቀን ወደ መስኮቷ እመለሳለሁ ብላለች። ለምነናታል፣ ተቆጥተናታል፤ አልሰማችም። ግድግዳውን እኔ መልሼ ገንብቻለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ድርሻ ነው። መትፊያዎቹ ይመለሱ፣ ምስልዎ ይውረድ፣ መታጠፊያው ላይ የብረት መከላከያ ይቁም። ይህን ለማድረግ ጊዜ ካጡ ደግሞ፣ ከእናቴ ጎን ለእርስዎም ወንበር አዘጋጃለሁ፤ መጥተው የሚመጣውን መኪና አብረው ይጠብቁ።

ለሰፊው ራዕይዎና ከዚያም ለሚሰፋው ፈገግታዎ ያለኝን አክብሮት ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ፤ ዝቅ ማለት እናቴም ትወድ ነበር፣ አሁን ግን ሐኪሙ ከልክሏታል።

የመታጠፊያው ቤት ባለቤት

ማስታወሻ፦ ካስነሷቸው መትፊያዎች አንዱን ታችኛው ቅምሻ ቤት ጓሮ ተጥሎ አግኝቼ ወስጃለሁ። እናቴ እስክትነሳ ድረስ አልጋዋ ሥር ሆኖ ጠዋት ማታ እያገለገላት ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ አይገለበጥም። የመንግሥት ንብረት ነው ይመለስ ካሉ እንዳለ፣ ሳላጥበው፣ ጠረጴዛዎ ላይ አምጥቼ አስቀምጣለሁ። በፎቶግራፍ ላይ ያስጠላል ያሉት ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።