የጋራውና የየራሱ፦ የአቶ ደምለው ቦጋለ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምለው ቦጋለ ከአባታቸው ከአቶ ቦጋለ ተሰማና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመለወርቅ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1966 በኬንያ ሞያሌ ተወለዱ። አባታቸው ከኢትዮጵያ ደጋ በጭነት መኪና ረዳትነት መጥተው፣ «አንድ ሳምንት አርፌ እመለሳለሁ» እንዳሉ ሆቴል ከፍተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው አብዮት ሲወለድ እናታቸው ታመው ስለነበር፣ ሕፃኑን አዝለው ያሳደጉት ደምለው ናቸው። ወንድ ልጅ ሕፃን አዝሎ ገበያ ሲወጣ የሰፈሩ ልጆች ይስቁ ነበር፤ እሳቸውም ሕፃኑን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ተደባድበው ይመለሱ ነበር ይባላል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሞያሌ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በማርሳቢት ተከታትለው፣ ናይሮቢ በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ሠልጥነው በ1989 ተመለሱ። በገበያው አጠገብ የሬዲዮ መጠገኛ ከፈቱ፤ አብዮትንም ሙያውን አስተምረው ከጎናቸው አስቀመጡት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው በስዋሂሊ «ፉንዲ ደምለው»፣ ጠጋኙ ደምለው፣ እያለ ነው። በ1993 ከወ/ሮ አሰገደች ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው አንድ ሴት ልጅ፣ ሰሎሜን፣ አፍርተዋል።

ከ2011 ወዲህ በሞያሌ ዙሪያ ባሉት በኦቦና በቦሪ መንደሮች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውኃ ፓምፖች ሲተከሉ፣ ፓምፖቹን የሚያዙት ትናንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች ወደ ወንድማማቾቹ ሱቅ መምጣት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ቦርድ ሲነሳ በላዩ ላይ ምን ዕቃ እንዳለ፣ የቱ ሽቦ ከየት እንደተያያዘ በራሱ አያውቅም፤ ይህን የሚነግረው የመግለጫ ፋይል ያስፈልገዋል። ቦርዶቹ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል። ለእያንዳንዱ ሙሉ ፋይል እየተገለበጠ ይጻፍለት ስለነበር፣ አንድ ስህተት ሲገኝ በሁሉም ላይ እየዞሩ ማረም ግድ ነበር። ደምለው ከአብዮት ጋር ሆነው ለሁሉም የሚሆነውን በአንድ የጋራ ፋይል ሰበሰቡት፤ ለእያንዳንዱ ቦርድ ደግሞ የራሱን ልዩነት ብቻ የያዘ አጭር ፋይል ሠሩለት። ሥራውንም በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አደረጉት፤ የማያውቋቸው ባለሙያዎች ከያሉበት ይጠቀሙበትና ያርሙት ጀመር። እነዚያ ዓመታት ለዚህ ቤት የደስታ ዘመን ነበሩ።

በ2014 መጨረሻ ደምለው ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሄደው ሳለ፣ አብዮት የታንክ ውኃ መለኪያውን መግለጫ ወደ ጋራው ፋይል አዛወረው። በሁሉም ቦርድ ላይ አንድ ዓይነት መስሎት ነው። የኦቦው ብቻ ይለይ ነበር። የኦቦው ቦርድ አዲሱን ፋይል እንደተቀበለ ባዶውን ታንክ ሞልቷል ብሎ ፓምፑን አቆመ፤ በዚያ ደረቅ ወቅት ከብቱ በገንዳው ዙሪያ ቆሞ ቀረ። ደምለው ከመንገድ እንደገቡ በቀጥታ ኦቦ ሄዱ። በኦቦው የአገር ሽማግሌ በአቶ ቦርቶና ከብቱን ይዞ በተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊት፣ ሽበት የጀመረውን ወንድማቸውን «አንተን ከማዘል ድንጋይ ባዝል ይሻለኝ ነበር» አሉት።

ፋይሉ በዚያው ዕለት ተስተካከለ። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። አብዮት የፋይሎቹን ሙሉ ቅጂ ይዞ ምዕራብ ኬንያ ኤልዶሬት ሄደ፤ እዚያም የራሱን ቅጂ ለብቻው እያሻሻለ መሥራት ቀጠለ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ተቀምጠው ጠቡ በመሬት ነው በከብት ብለው ቢጠይቁ በፋይል ነው ተባሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ኪሩም «ፋይል ከሆነ ፎቶ ኮፒ አድርገው ይካፈሉታ!» አሉ። ደምለው በዚያ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ፤ «ጋሽ ኪሩ፣ ችግሩ እኮ እሱ ነው፤ ተካፍለነዋል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። ሆኖም ሁለቱም የሚሠሩትን በይፋ ስለሚያወጡ አንዱ የሌላውን ሥራ ያይ ነበር። ደምለው በየጠዋቱ ሱቅ ሲከፍቱ አስቀድመው የሚያዩት የአብዮትን ቅጂ ነው። አዲስ ነገር ካገኙ ለባለቤታቸው ደውለው «ያ ልጅ ደህና ነው፤ ዛሬም ጽፏል» ይላሉ። ጥቂት ቀን ከዘገየ ምግብ አይበሉም። ወ/ሮ አሰገደች «ታዲያ ለምን አትደውልለትም?» ሲሏቸው፣ የሚደውለው ታናሽ ነው ብለው ይቆጡ ነበር። በፋሲካ የእሱን ወንበር ሰው እንዲቀመጥበት አይወዱም። ናፈቃቸው፤ በጣም ናፈቃቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ግንቦት ላይ የጉበት ሕመም ያዛቸው። መጻፍ ሲያቅታቸው፣ አብዮት ዝምታቸውን አይቶ እንዳይደነግጥ ሰሎሜ በስማቸው ትንንሽ እርማት እንድታወጣ አዘዟት። «ናፍቆት ያምጣው እንጂ ሕመሜ አያምጣው» አሉ። ቤተሰቡም አደራውን ጠብቆ ዝም አለ። ደምለው ግን እርማት ባወጡ ቁጥር ስህተቱን ማን እንዳገኘው፣ በየትኛው የውኃ ጉድጓድ እንደሆነ፣ ለምን እንደታረመ ሳይጽፉ አያልፉም ነበር። ሰሎሜ የጻፈችው «ተስተካክሏል» ብቻ ነው። በጥቅምት አብዮት ለወ/ሮ አሰገደች ደወለ። «እትዬ፣ ይኸ የጋሼ እጅ አይደለም። ጋሼ ምን ሆነ?» አለ። እሳቸውም መዋሸት አቃታቸው፤ በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፈረ።

ደምለው እየመጣ መሆኑን ሲሰሙ አለቀሱ። ከዚያም ለባለቤታቸውና ለልጃቸው አንድ አደራ ሰጡ፤ «ሳይደርስ ከሄድኩ፣ በሰው ፊት የተናገርኩት በሰው ፊት ይነሳልኝ» አሉ። ወ/ሮ አሰገደች አብዮት የደረሰበትን ከተማ በስልክ እየጠየቁ ይነግሯቸው ነበር። ኢሲዮሎ ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማርሳቢት ሲሏቸው ጢማቸውን እንዲላጯቸው ለመኑ። ቱርቢ ሲሏቸው አልሰሙም። እሑድ ጥቅምት 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በጠዋት፣ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ደምለው የትዳር ጓደኛቸውን ወ/ሮ አሰገደችን፣ ልጃቸውን ሰሎሜንና አዝለው ያሳደጉትን ወንድማቸውን አብዮትን ትተው አልፈዋል። አቶ ቦርቶና የኦቦ ሰዎችም ዛሬ እዚህ ስለቆሙ፣ ቤተሰቡ አደራውን በእናንተ ፊት ይፈጽማል፦ አብዮት፣ ወንድምህ ያንን ቃል አንስተውታል፤ ይቅር በላቸው።

ጠብቀው ሳያገኙ ያረፉትን የአቶ ደምለውን ነፍስ፣ ቸሩ አምላክ መጠበቅ በሌለበት ስፍራ ያኑርልን።