ክሮቼራው የበላው ነጠላ

ይድረስ ሐዋሳ ላሉት ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ሃይለ ሚካኤል።

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ብርድ ሲመጣ ያምዎታል ወይስ የሐዋሳ ሙቀት ተሻለዎት? እትዬ አደይስ፣ ልጆቹስ? እኛ ይክበር ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ዘንድሮ ይህን ደብዳቤ ለወጉ ያህል እንዳልጻፍኩት ከታች ይረዱታል።

በቆሎ በዱላ መውቃት ቀረልኝ ብዬ ደስታዬን አልችለውም ነበር። የቡሬው ባለትራክተር ክንዱ ትራክተሩን ከነመፈልፈያው ይዞልን መጣ። አውድማችን እንደሚያውቁት ጎርበጥባጣ ነው፤ ትራክተሩ ወዲህ፣ መፈልፈያው ወዲያ ዘመም ብለው ቆሙ። እንዲህ ተጣመው ትራክተሩ መፈልፈያውን እንዴት ሊያዞረው ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ መቼም ሳልጠይቅ አላድር። ክንዱ መሐል ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኘውን ዘንግ አሳየኝ። በሁለቱም ጫፉ መስቀል የመሰለ ብረት አለ፣ ክሮቼራ ይሉታል። የመስቀሉን ሁለት ክንድ አንደኛው ሹካ፣ የቀሩትን ሁለቱን ሌላው ሹካ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ እንደ እጅ አንጓ እየታጠፈም ይዞራል። እትዬ ተናኜ፣ አንዱ ክሮቼራ ብቻውን ቢሆን በየዙሩ እየፈጠነ እየዘገየ ያንገጫግጫል፣ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ጓደኛው ነው የሚያስተካክለው አለኝ። ይኼማ እኔና ደረሰ ነን አልኩት፤ የባለቤቴን ጥድፊያ ያውቁት የለ! አውድማው በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ግን አልቆየም ጋሼ። የዘንጉ መሸፈኛ፣ ዘንጉ ግራሶ ሲቀባ ጅጋ ከተማ ጋራዥ ተረስቶ ቀርቷል፤ ብረቱ ራቁቱን ነው የሚዞረው። ሲፈጥን መስቀሉ አይታይም፣ ጭጋግ ይመስላል። ልጄ ሕሊና ቅርጫት ተሸክማ በአጠገቡ ስታልፍ፣ የታጠቀችው ነጠላ ጫፉን ነፋስ አነሳውና ክሮቼራው ጠቀለለው። ከዚያ ስትሽከረከር ብቻ አየሁ። ጨርቁ ትርትር ብሎ ተቀደደና ወደ ኋላ ወረወራት። ክንዷ ተላጠ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነች።

እስካሁን የሚያንቀጠቅጠኝ ሌላ ነው። ጠዋት፣ ይህን ሁሉ ሰው ቡትቶ ታጥቀሽ ልትቀበይ ነው፣ አጎትሽ የላኩልሽን አዲሱን አትለብሺም ወይ ብዬ ተቆጥቻት ነበር። ለጥምቀት ነው ብላ እምቢ አለችኝ። የእርስዎ ነጠላ ድርና ማጉ ጠንካራ ነው ጋሼ። አይቀደድም ነበር።

ክንዱ መሸፈኛውን ሊያመጣ ጅጋ ወርዷል። ግማሹ በቆሎ ገና አውድማ ላይ ነው፣ በፈረስ ቤት ከተማ በኩልም ያለጊዜው ደመና ጠቁሯል። ደረሰ፣ ዝናቡ ክንዱን ከቀደመው ትራክተሩን ያለ መሸፈኛም እኔው አስነሳዋለሁ፣ እግዜር አንዴ አትርፎናል ይላል። አሁን የትራክተሩን ቁልፍ ፍለጋ ገለባውን እያገላበጠ፣ ይዞብኝ ሄደ ብሎ ክንዱን እየረገመው ነው። ስልክ ያልደወልኩልዎም እሱ እንዳይሰማኝ ነው።

እትዬ አደይን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ከልጆችዎ ናሁሰናይን በርታ በሉልኝ፣ ህይወትን አክስትሽን ናፍቀሻታል በሏት። ሕሊና በታሰረ ክንዷ እጅ ትነሳለች። ደረሰም ሰላም ብሏል፤ ሲደውሉለት ግን ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ እንደነበር እንዳይነግሩት።

እህትዎ ተናኜ
ፍኖተ ሰላም ገጠር፣ ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም.