መዳመጫሽን ዙሌካ አስቀምጣዋለች

ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ለእፀገነት፤

እንደምን ከርመሻል? ልጃችን ውዳሴስ እንዴት ናት? የስምንተኛ ክፍል ፈተና ማለፏን ከጎባ የመጣ ሰው ነግሮኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የኩሽናው ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን ዙሌካ በሩን አንኳኳች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አቀበለችኝ። ስፈታው የሊጥ መዳመጫሽ ነው! ጫፉ ላይ ያለው የቢላ ጭረት ሳይቀር። ከሱ ጋር አባትሽ ከዘይት ቆርቆሮ የሠሩልሽ የብስኩት ቅርጽ ማውጫዎች፣ ርግቧም ቅጠሉም አሉ።

“ቀበሌው የወረሰውን ዕቃ ሲሸጥ ገዛሁት” አለችኝ። “ትመጣለች ብዬ ስጠብቅ ስድስት ዓመት ሆነ። እኔ ብልክላት አትቀበለኝም፤ አንተ ስጣት።”

ያ ኩሽና መጣብኝ። በገና ሰሞን ቅቤውንና ስኳሩን በእንጨት ማንኪያ እስኪነጣ ስትመቺ፣ የሎሚ ልጣጭ ስትፈገፍጊበት፣ ውዳሴ በርጩማ ላይ ቆማ ርግቧን ሊጡ ላይ ስትጫን። የመጀመሪያው ላሜራ ከፎርኖው ሲወጣ ትኩሱን አንስቼ ምላሴ ሲቃጠል፣ “አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ብትታገስ!” ትይኝ ነበር። መዳመጫሽን ማንም እንዲያጥበው አትፈቅጂም። እንጨት ውሃ ከጠጣ ሊጥ ይይዛል እያልሽ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ትወለውይው ነበር።

ገነቴ፣ እንግዲህ ልናገር።

በታኅሣሥ 1971፣ ያን እሑድ ከሰዓት፣ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ስኳር የሚደብቁ የኢኮኖሚ አሻጥረኞች ይጋለጡ ተባለ። እንደምታውቂው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረና፣ “ጓድ በኃይሉ፣ ያንተስ ቤት ንጹሕ ነው?” አለኝ። ሲቀልድ ይሁን አንድ ነገር ሰምቶ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤቱ ተፈትሾ ቢገኝ የምጠፋው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። “ባለቤቴ አልጋ ሥር በጣሳ ያስቀመጠችው አለ፤ እኔ አልተስማማሁበትም” አልኩ። በዚሁ አፌ። መራራ ሻይ እየጠጣሽ ከኮታችን ያጠራቀምሽው የገና ብስኩት ስኳር መሆኑን እያወቅሁ።

ፎርኖውን፣ ላሜራዎቹን፣ መዳመጫሽን ጭነው ሲወስዱ ዝም አልኩ። አንቺን አሥራ አንድ ቀን ሲያስሩሽም ዝም አልኩ። ስትፈቺ ከመታሰርሽ በፊት በነበረው ቀን አንድ ስኒ ስኳር ልትበደር የመጣችውን ዙሌካን ጠረጠርሽ። ደጃፏ ላይ ቆመሽ፣ “ስኳሬን ቀምሰሽ ጉድጓዴን ማስሽ!” ስትያት መስኮቱ ጋ ሆኜ እሰማ ነበር። እሷ ቃል አልመለሰችልሽም። እኔም አልወጣሁም። ከጠቋሚ ጋር አጥር አልጋራም ብለሽ ልጅሽን ይዘሽ ጎባ ወንድምሽ ዘንድ ስትሄጂ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣሽን የተሸከመው ጠቋሚው ነው።

ቅዳሜ ዕለት እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት ዙሌካ አቋረጠችኝ።

“ተወው በኃይሉ። ባሌ ስብሰባው ላይ ነበር፤ ያኔውኑ ነግሮኛል።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?”

“እኔን ብትጠላ የምታጣው ጎረቤት ነው። አንተን ብትጠላ ግን ቤቷ ይፈርሳል ብዬ ነዋ።”

ቤቱስ አልቀረለትም፤ ፈረሰ። የሰፈሩ ሴቶች ዕድር ላይ ከዙሌካ አጠገብ አይቀመጡም። ገበያ ስትወጣ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። የእኔን ስም ተሸክማ ስትኖር በዓይኔ እያየሁ ስድስት ዓመት አለፈ።

በቅዳሜው ማግስት ብስኩት ልጋግር ተነሣሁ። ፎርኖ ስለሌለ በብረት ድስት፣ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አድርጌ። ዙሌካ ከአጥሩ ማዶ፣ “ዱቄቱን ቀንስ! ዋላሂ ድንጋይ ነው የምትጋግረው!” ትለኛለች። የመጀመሪያው አረረ፣ ሁለተኛው ጥሬ ሆነ። በሦስተኛው የሎሚው ሽታ ቤቱን ሲሞላው አላስቻለኝም፤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ዙሌካ ገብታ አንዱን ቆርሳለች። “የእሷ እጅ የለበትም” አለች። ቆይታ ደግሞ፣ “ይበላል ግን” አለችኝ።

ዕቃሽን ለእህል ንግድ ጎባ በምትመላለሰው በገዲሴ እጅ ልኬልሻለሁ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ነይ ለማለትማ ከቶ እንዴት ብዬ። የፊታችን እሑድ ዕድር ላይ ቆሜ ሁሉንም በሰው ፊት እናገራለሁ። አንቺ ለእኔ መልስ አትጻፊ፤ ከከበደሽ ይህንንም አቃጥዪው። ለዙሌካ ግን ጻፊላት። ማንበብ ስለማትችል ሰው ጠርታ ታስነብበዋለች፤ ስለ እኔ የፈለግሽውን ጻፊ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይስማው። እኔ ዕድር ላይ የምናገረው ስሟን ይመልስላት ይሆናል። እሷ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ያንቺን ቃል ነው።

አምላክ አንቺንም ልጃችንንም ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፤ ደጃችሁን ሰላም ያድርገው። ውዳሴን ግንባሯን ሳሚልኝ።

የውዳሴ አባት፣
በኃይሉ